የጋሽ ላቀው ፈረስ ጭራ

እንቁዬ፣

ቡሬ ላይ የተሳፈርኩበት የጋሪ ፈረስ ጭራው ሳስቶ ቢያሳዝነኝ ባለጋሪውን ጋሽ ላቀውን «ታሞ ነው እንዴ?» አልኳቸው። ሳቁና ከመቀመጫው ሥር መሰንቋቸውን አወጡ፤ ለካ ክሩ የዚሁ ፈረስ ጭራ ነው! በተበጠሰ ቁጥር ይነጩታል። ተሳፋሪ ሲጠፋ ዋርካ ሥር ቁጭ ብለው ይጫወታሉ፤ ሰርግ ላይ ተጫወቱልን ቢሏቸው ግን እሺ አይሉም። እኛ ሰፈር ሰሚ ሳይኖር ማን ይጫወታል? ገርሞኝ «ታዲያ ለማን ነው የሚጫወቱት?» ስላቸው፣ «ሲርበኝስ ለማን ብዬ ነው የምበላ፣ ልጄ?» አሉኝ።

አንቺ ሰሚ የለኝም ብለሽ ክራርሽን ከሰቀልሽ ሁለት ዓመት ሆነሽ። ፖስት ካርዱ ሞላ፤ ጎረቤታችንን እትዬ ቻይነሽን ሳሚልኝ። እኔ የምልሽ፣ እስካሁን አልራበሽም?

ሀይማኖት