በጠባቡ የተራራ መንገድ ማን ለማን ይለቃል

ለተከበርኸው ወዳጄና የሃያ ዓመት ባልደረባዬ፣ ለሒሳቡ መምህር፤

ይህን ካርድ የምጽፍልህ፣ ሽበቴ በሄድሁበት ሁሉ መንገድ ያስለቅቃል ብዬ የተከራከርሁህን ጉዳይ በሐቅ ልመሰክርልህ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት፣ አንተ የፈራህለት ጉልበቴ ሳይከዳኝ ለዕረፍት ከመጣሁበት መንደር በላይ ያለውን ተራራ ስወጣ፣ አንዲት የመንደሩ ሸማኔ ትልቅ የሱፍ ጥቅል በጀርባዋ ተሸክማ ቁልቁል መጣች። መንገዱ አንድ ሰው ብቻ ያሳልፋል። እኔም በትምህርት ቤታችን ደረጃ ላይ ስወጣና ስወርድ እንደለመድሁት መሐሉን ይዤ ቆምሁ። እሷም ቆመች።

«አባቴ፣ እዚህ ከጥንት ጀምሮ የሚለቀው ባዶ እጁን የሚሄደው ነው» አለችኝ።

ሕጉ ቅን ስለሆነ ያለ ክርክር ወደ ጭቃው ወረድሁ፤ አዲሱ ጫማዬ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ሰጠመ። የትምህርት ቤታችን የጽዳት ሠራተኛ ግን ሙሉ ባልዲ ይዛ ግድግዳ ላይ እየተለጠፈች ስንት ዓመት መንገድ ለቀቀችልን! ከሰኞ ጀምሮ የምለቅላት እኔ ነኝ፤ አንተም ትለቃለህ።

ካርዱ ስለጠበበኝ፣ ለባለቤትህና ለልጆችህ የከበረ ሰላምታዬን አድርስልኝ። ሸማኔዋ ካለፈች በኋላ ዞር ብላ የተናገረችኝን ቃል በቃል እነሆ፦ «ቅር አይበልዎት አባቴ፤ ሲወርዱ አንድ ሸክም እንጨት ይዘውልኝ ይምጡ፣ ያኔ እንኳን ሰው በቅሎም ይለቅልዎታል።»