ደንበኞቼ በአጎቴ በር ሲገቡ

ለማከብርሽና ለምሳሳልሽ እናቴ፣

እማዬ፣ እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ብርድ ሲገባ ወገብሽን ያምሽ ነበር፤ ዘንድሮስ እንዴት አደረገሽ? አባዬንስ ሳሉ ለቀቀው? እኔ እጄ በሳሙና ከመሰነጣጠቁ በቀር ደህና ነኝ፤ ያመመኝ ሌላ ነው።

በስልክ «ወንድሜን አስቀይመሽዋል፤ ሄደሽ ይቅርታ ጠይቂው» ብለሽኛል። የእሱን ሰምተሻል፤ የእኔንም ስሚኝ።

የልብስ እጥበት ቤቴ ከአጎቴ ሱቅ ጀርባ፣ የእሱው የጓሮ ክፍል ውስጥ ነበር። እኔ ዘንድ ለመድረስ በቆሻሻ ገንዳው በኩል ዞሮ ጨለማውን መተላለፊያ ማለፍ ነው። ሰው የልብስ ጥቅሉን ታቅፎ የጎረቤቱን በር ሁሉ ሲያንኳኳ ይውላል። አንዲት አዋላጅ ደንበኛዬ፣ እጅሽ ወርቅ ነው፣ ቤትሽ ግን የተደበቀ ሰው ቤት ይመስላል አለችኝ። እውነቷን ነው። ታፔላ አሠራሁ፤ መተላለፊያው ላይ አምፖል ሰቀልኩ፤ ከሥራ የሚመለሱት እንዲደርሱብኝ ማምሸት ጀመርኩ። አጎቴንም ደንበኞቼን በሱቁ በኩል እንዲያሳልፍልኝ ለመንኩት።

እሱ ከለመንኩት በላይ ሰጠኝ። ሰው እስከ ጓሮ ምን ያደክመዋል፣ ልብሱን እዚሁ ፊት ለፊት ተቀብዬ፣ ሲያልቅም እኔው አስረክብልሻለሁ አለ። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ ብዬ እግሩ ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝ። ደንበኛ ጎረፈ። እኔ ከሳፋውና ከካውያው ቀና ማለት አቃተኝ። ሸሚዛቸውን እንጂ ፊታቸውን ማየት ቀረ። ለካ ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

አንድ ቀን ጠዋት ስመጣ ሳፋዎቼ ደጅ ተደርድረዋል፤ ክፍሉን ሌላ ሴት ይዛዋለች። አጎቴን ምን አጠፋሁ ብዬ ብጠይቀው፣ ማሽን እንዳስገባና ለማሽኑ አንዲት ተቀጣሪ እንደምትበቃው ነገረኝ። ደንበኞቼስ አልኩት። ድምፁን እንኳ ከፍ ሳያደርግ፣ «ደንበኛው የሚያውቀው የኔን በር ነው። ጓሮ ማን እንዳለ ማን ያውቃል?» አለኝ።

እኔም ሱቁን በሞላው ሰው ፊት ሌባ አልኩት። አስቀየመችኝ ያለሽ ይህችን ነው።

በኋላ አዋላጇን መንገድ ላይ አገኘኋት። አጎቴ ስለ እኔ «ወላጆቿ ዘንድ ተመልሳለች» ብሏት ኖሯል። ከእሱ የተረከበችውን ልብስ እንደያዘች አፈረች፤ እኔም አብሬያት አፈርኩ። አሁን ተከራይቼ የማጥብበትን ክፍል ብነግራት ግን፣ ይርቃል አለችኝ።

አሁን ማንም ፈልጎ እስኪያገኘኝ አልጠብቅም። የየቤቱን በር እያንኳኳሁ ልብሱን ራሴ እወስዳለሁ፣ ራሴ እመልሳለሁ። ደረጃው ጉልበቴን ጨርሶታል፤ ቢሆንም በር የከፈተልኝ ሁሉ ፊቴን ያየኛል። እማዬ፣ አንድ እናት የወለደቻችሁ ናችሁና ስለ አንቺ ስል ዝም እላለሁ። ይቅርታ ግን አልጠይቅም።

አባዬን ሳሉን ሳይንቅ እንዲታከም ንገሪልኝ። ታናሽ እህቴን ሳሚልኝ፤ ኩርፊያዋን ትታ ትጻፍልኝ። ወሬ የማያመልጣትን አክስቴንም ሰላም በይልኝ፤ ይህን ደብዳቤ ጮክ ብለሽ አንብቢላት። የወንድምሽን ደህንነት ከራሱ ጠይቂ፤ እኔ በደጁ ሳልፍ ቀና ብዬ አላይም።

ልጅሽ
ከኪራይ ክፍሌ፣ ኅዳር ፱ ቀን