እርድ እስካሁን አልበላችም

ሴንት ጄምስ ታውን፣ ቶሮንቶ
መጋቢት 6 ቀን 1989 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ፤

ለጤናህ እንደምን ከረምክ? የካልጋሪ ብርድ ከዚህ ይብሳል ይላሉ፤ ጆሮህን ሸፍን። እኔ ወገቤ እንደ ልማዱ ከመቆርጠሙ በቀር፣ ክብሩ ይስፋና፣ ደህና ነኝ። አድራሻህን የሰጠኝ ጓደኛህ አዲስአለም ነው። አንተማ ለእኔ መደወሉ ከብዶህ፣ ለእሱ ደውለህ «ደህና ገብቻለሁ በላት» ብለሃል። ይሁን። ሰላምታው እዚህ ላይ ይብቃኝና ወደ ጉዳዬ ልግባ።

እርድ አልበላችም። ይኸው አምስት ሳምንቷ ነው። ስለዚህ ሥራ ካለህ ፈቃድ ጠይቀህ፣ ከሌለህም ዛሬውኑ ተነስተህ ና። ከትንሣኤ በፊት ካልመጣህ ለሚሆነው ነገር እኔ የለሁበትም።

አንተ ልጅ፣ ግን ምን በድዬህ ነው? ሰው ከቤት ተቆጥቶ ሲወጣ የሚተወው አሮጌ ጫማ ነው፣ ካሴት ነው። አንተ ገና ያላደጉ ሁለት እባቦች ጥለህብኝ ትሄዳለህ? ፍሪጁ ላይ የለጠፍከው ወረቀት አሁንም እዚያው ነው። ሙቀቱን እዪ፣ ክዳኑን ግጠሚ፣ ከበሉ በኋላ ሁለት ቀን አትንኪያቸው፣ አንድ ሳጥን ውስጥ አታድርጊያቸው አንዱ ሌላውን ይውጣል። ሁለት ገጽ ሙሉ ስለ እባብ! ስለ እኔ ግን «ደህና ሁኚ» የምትል ግማሽ መስመር የለችም። እያገላበጥኩ ፈልጌያለሁ።

ታውቀኛለህ እኮ። ገመድ ተጋድሞ ሳይ ጩኸቴን የማቀልጥ ሴት ነኝ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ? እኔማ እባቡን ሳላይ ነው ልጥ የሚያስበረግገኝ። በኅዳር ሁለቱን በጫማ ካርቶን ይዘህ ገብተህ፣ ቀዩን በርበሬ፣ ቢጫዋን እርድ ብለህ ስም ስታወጣላቸው፣ መርዝ የላቸውም፣ የበቆሎ እባብ ነው የሚባሉት ስትለኝ፣ ቢያንስ በቆሎ የሚበሉ መስሎኝ ተጽናንቼ ነበር። ለካ የሚበሉት አይጥ ነው።

ያውም በሁዳዴ! ቅቤውንም እንቁላሉንም ከቤቴ አውጥቼ፣ ፍሪዘሬ ውስጥ የቀረው ሥጋ የእባብ ቀለብ ብቻ ነው። ፀጉር ያላወጣች፣ የትንሽ ጣቴን ጫፍ የምታህል፣ ድርቅ ያለች አይጥ በሙቅ ውሃ አቀልጣለሁ። ቅንድቤን በምለቅምበት ወረንጦ እይዛትና ፊቴን ወደ መስኮት አዙሬ እዘረጋለሁ። በርበሬስ ይቀማኛል። እመቤት እርድ ግን ዞር ትላለች፣ አብራኝ የምትጾም ይመስል።

መጀመሪያ ሰሞን ደግሞ በርበሬ የበላውን ሁሉ መለሰው። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ሥራ ስሄድ ሳልነቅለው የምወጣው ሶኬት እንደሌለ ታውቃለህ፤ ቲቪውን፣ ሬዲዮውን፣ የራስጌ መብራቱን። እሳጥኖቹ ሥር ያነጠፍካትንም ማሞቂያ ነቀልኳታ! አሥራ ሰባተኛ ፎቅ ላይ እሳት ቢነሳ ማን ይደርስልኛል? የእንስሳት ሱቅ ውስጥ የምትሠራው ሴትዮ፣ እባብ ሆዱን ካልሞቀው ምግብ አይፈጭለትም ብላ እንደ ተማሪ ተቆጣችኝ። በአርባ አንድ ዓመቴ ለእባብ ስል ስድቤን ጠጣሁ። አሁን ነርሲንግ ሆሙ ላውንድሪ ውስጥ የአሮጊቶቹን አንሶላ ሳጥፍ ሐሳቤ ሶኬቱ ላይ ነው።

የሕንፃው ኃላፊ፣ ሱፐሩም መጣብኝ፣ ቧንቧ አያለሁ ብሎ። እባብ ይዛለች ብሎ ቢያስወጣኝስ? ሳጥኖቹን በጋቢ ሸፈንኩ። ይኼ ምንድነው ሲለኝ፣ የእንጀራ ሊጥ ነው፣ ብርድ እንዳያገኘው ነው አልኩት። እሱም የሐበሻ ቤት ሁሉ እንዲህ ነው ብሎ ራሱን ነቅንቆ ሄደ። በጾም ዋሸሁ፣ ይኼም በአንተ ላይ ይጻፍ።

ከዚያ ደግሞ የክዳኑን አንድ ጎን በደንብ ሳልጫነው ቀርቼ እርድ ጠፋች። ሁለት ቀን እግሬን ሶፋ ላይ ሰቅዬ በላሁ፣ ጫማዬን አድርጌ ተኛሁ ብልህ ታምናለህ? በሦስተኛው ቀን ጎረቤታችን ጠጂቱ የአክስታችንን ልጅ የያለምወርቅን የሰርግ ካሴት ልታይ መጣች። ካሴቱን ዴኩ ውስጥ ስከት እርድ ከሥሩ ጭንቅላቷን ብቅ አደረገች። ሙቀት ፈልጋ እዚያ ተጠቅልላ ከርማለች። ጠጂቱ ያን ሁሉ ሰውነት ይዛ የሶፋው መደገፊያ ላይ እንዴት እንደወጣች እስካሁን አልገባኝም። በስመ አብ እያለች፣ ሙሽራዋን እንኳ ሳታይ፣ ከቤቴ በረረች። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስደርስ ወሬው ቀድሞኛል፤ እባብ ታመልካለች ተብያለሁ። እርድን ማን ይያዝልኝ? በእጄ ያዝኳት። ዝልግልግ ያለች እርጥብ ትመስለኝ ነበር። ደረቅ ናት፣ ለብ ያለች።

አሁን የምነግርህን ለማንም እንዳትተነፍስ። በየካቲት አንድ ቀን ወገቤ ተቆርጦ ከሥራ ስገባ፣ በርበሬ የውሃ ሳህኑን ደፍቶ፣ ሳጥኑን ሁሉ አቆሽሾ ጠበቀኝ። ዓይንህ ይፍሰስ! አልኩት። ከአፌ አመለጠኝ። በሦስተኛው ቀን ዓይኑ ነጣ። እውነቴን ነው፤ ሁለቱም ዓይኖቹ ወተት የገባባቸው መስለው ደፈረሱ፣ ያ ቀይ ቆዳውም አመድ ለበሰ። እርግማኔ ያዘው አልኩ።

ምን ላድርግ? እናታችን ለወገብሽ ብላ በሰው የላከችልኝን ጠበል፣ እኔ እንኳ በጠብታ የምቆጥበውን፣ አወጣሁና በጥጥ ዓይኑን እያበስኩ ሦስት ቀን ረጨሁት። አቡነ ዘበሰማያትም ደግሜለታለሁ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። በአራተኛው ቀን ዓይኑ ጥርት! እልል ብዬ ጠጂቱ በር ድረስ ሮጥኩ፤ ጠበሉ ሠራ፣ የታወረ በራ ብዬ። እሷም ጠበል በእባብ ላይ ታፈሺያለሽ ብላ በሩን ፊቴ ላይ ዘጋችው።

የሱቋ ሴትዮ ደግሞ እስኪያማት ሳቀች። አልታወረም፣ ቆዳውን ሊቀይር ነው አለችኝ። ከመቀየሩ በፊት ዓይኑ ይደፈርሳል፣ ተመልሶ ይጠራል፣ ከዚያ ከአፍንጫው ጀምሮ እንደ ካልሲ አውልቆት ይወጣል። ደስ ይበልሽ፣ በደንብ ብትቀልቢው ነው አለችኝ፤ ያልበላ እባብ አያድግም፣ ያላደገ ደግሞ ቆዳ አይቀይርም። እንዳለችውም በማግስቱ ሙሉውን ቆዳ ሳጥኑ ጥግ አገኘሁት። አፈርኩ። ጠበሉ ግን አልቆጨኝም።

ይኼን ሁሉ የምዘበዝብልህ ለምን እንደሆነ አንተም አታጣውም። በጥምቀት ማግስት ልብስህን ስትሰበስብ፣ ያመጣሁህ እኔ ነኝ፣ ቤቱም የእኔ ነው አልኩህ። አልበቃኝም። ኤሌቬተሩ ሊዘጋ ሲል፣ በሬ ላይ ቆሜ፣ በወጣህበት ቅር! አልኩህ። ሰምተኸኛል፤ ፊትህን አይቻለሁ። ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው! ስምንት ሳምንት ሙሉ ያ ቃል ከጆሮዬ አልወጣም። መኪና በበረዶ ተገለበጠ የሚል ዜና በሰማሁ ቁጥር ካልጋሪ እንዳይሉ ሬዲዮው ላይ ጆሮዬን እለጥፋለሁ። ለእባብ እንዲያ የደነገጥኩ ለእናቴ ልጅ እንዴት አልደነግጥ? የበርበሬ እርግማን ቆዳ ሆኖ ወረደ። የአንተን በምን ላውርደው? ጠበሉም አልቋል።

ለምን እባብ አመጣህ ብዬ ስጮህብህ፣ አንቺ በድርብ ሺፍት ስትጠፊ ቤት ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር ልይ ብዬ ነው ብለኸኝ ነበር። ሳቅኩብህ። አሁን ከሥራ ስገባ ካፖርቴን ሳላወልቅ የማየው እነሱን ነው። እባብ ወደድኩ ማለቴ አይደለም፣ እንዳትሳሳት! ቤቱ ጭር ብሎብኝ ነው። ክፍልህ እንደተውከው ነው፤ አልጋህን አንጥፌዋለሁ እንጂ ሌላ የነካሁት የለም። ይቅር በለኝ። ሌላው ሁሉ ይቅርና ለበዓሉ ብቻ እንኳ ና።

ቆዳዎቹን ፖስታው ውስጥ ጨምሬልሃለሁ። በጋዜጣ ነው የጠቀለልኳቸው፤ እንዳይቀደዱ ቀስ ብለህ ፍታቸው። ረጅሙ የበርበሬ ነው። አጭሩ፣ ባለፈው ማክሰኞ የወረደው፣ የእርድ ነው። አንተ እባብ አዋቂ ነህ፣ ልታስተምረኝ ግን አትድከም። አልበላችም ብያለሁ፣ አልበላችም። ና።

የእናታችን አምላክ ከመንገድ ክፉ፣ ከበረዶ ይጠብቅህ። እግርህን ወደ ቤትህ ይመልሰው። በወጣህበት አትቅር።

ከልቧ ይልቅ አፏ የሚቀድማት
እህትህ