ዋጋን በአደባባይ ያስጠሩት የአቶ ሞገስ ይልቃል የሕይወት ታሪክ

አቶ ሞገስ ይልቃል ከአባታቸው ከአቶ ይልቃል ብሩና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሳህሊቱ ዳምጤ በ1912 ዓ.ም. በሚኤሶ ተወለዱ። ወሩን አባታቸው ሚያዝያ፣ እናታቸው ግንቦት ይሉ ነበር። ይህን የምጽፈው እኔ የባለቤታቸው ወንድም ግን በዕለቱ በቦታው የነበሩትን እናታቸውን አምናለሁ።

ፊደል ከቆጠሩ በኋላ ወደ ድሬዳዋ ተልከው ፈረንሳይኛና ሒሳብ ተማሩ። ተመልሰውም በሚኤሶ ባቡር ጣቢያ ጭነት ተረካቢ ሆኑ። ሰው «ሙሉ ነው» ያለውን ጆንያ ሁሉ ከፍቶ ማየትን የለመዱት እዚያ ነው። በ1943 ዓ.ም. ወይዘሮ የሺሐረግ መኮንንን በተክሊል አግብተው አዳነችንና ዓባይን ወለዱ። እኛ የወይዘሮ የሺሐረግ ወንድሞች እሳቸውን ለማመን ከአንድ ክረምት በላይ ፈጅቶብናል።

በ1946 ዓ.ም. በአሰበ ተፈሪ በአንድ የቡና ማበጠሪያ አክሲዮን ማኅበር ተቀጥረው፣ በ1951 ዓ.ም. ሥራ አስኪያጅ ሆኑ። በዚያን ጊዜ ደላላና ገበሬ እጃቸውን በጨርቅ ሸፍነው፣ በጣት እየተነካኩ ነበር ቡና የሚሻሻጡት። ዋጋውን ከሁለቱ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። አቶ ሞገስ ይህን አስቀርተው፣ ዋጋ በየጠዋቱ በመጋዘኑ በር ላይ ጮክ ተብሎ እንዲጠራ አዘዙ።

የሆነው ግን ያላሰቡት ነው። ቡናውን የሚያመጡት የመሰላ አገር ገበሬዎች፣ ጮክ ተብሎ የሚነገረው የሞኝ ዋጋ ነው፣ እውነተኛው በጨርቅ ሥር ለሌላ ሰው ይሰጣል ብለው ጠረጠሩ። አይፈረድባቸውም፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው። ቡናቸውን ለሌሎች ነጋዴዎች ሸጡ፤ መጋዘኑም ባዶውን ቀረ። የማኅበሩ ቦርድ በበኩሉ ሥራ አስኪያጁን ከተፎካካሪ ጋር ተመሳጥረዋል ብሎ ጠረጠረና፣ እስከ ጥር ቡና ካልገባ ቁልፉን እንዲያስረክቡ ወሰነ። ወይዘሮ የሺሐረግ ዕቃቸውን ጠቅልለው መጠበቅ ጀመሩ።

አቶ ሞገስ ግን ወደ ጨርቁ አልተመለሱም። የደላሎቹ ሁሉ አውራ ወደ ነበሩት ወደ አቶ በክሪ ቤት ሄደው፣ ዋጋውን እሳቸው እንዲጠሩላቸው ለመኑ። ማኅበሩን በየገበያው ሲያሙት የነበሩት እኚሁ ሰው ናቸው! ለጅብ ሥጋ አደራ ሰጠ ተባለ፤ እኔም ብያለሁ። አቶ በክሪ ከመጋዘኑ በር መወጣጫ ላይ ቆመው በኦሮምኛም በአማርኛም ዋጋውን ጠሩ፤ ገበሬውም ቀስ በቀስ መመለስ ጀመረ። ኋላ ነገሩን ስጠይቃቸው፣ «ወላሂ፣ በጨርቅ ሥር ብዋሽ የሚያውቅብኝ አንድ ሰው ነው። እዚህ ቆሜ ብዋሽ ግን መሰላ ውስጥ ዘመድ አይኖረኝም» አሉኝ። ከገና በፊት መጋዘኑ ሞላ። የሚያማን ሰው ማራቅ ለማንም ይቀላል። አቶ ሞገስ ግን ከፊት አቆሙት፤ እኔ በሕይወቴ እንዲህ ያለ ደፋር አለቃ አላየሁም።

አቶ ሞገስ በ1960 ዓ.ም. በኩላሊት ሕመም ተይዘው ድሬዳዋ ድረስ እየሄዱ ሲታከሙ ቆዩ። ሆኖም መጋቢት 14 ቀን 1961 ዓ.ም. በተወለዱ በአርባ ስምንት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ።

ገና ሬሳው ሳይወጣ ከማኅበሩ ቢሮ ሰው መጥቶ፣ ስለ ዋጋ ጥሪው የሚያወሳው ክፍል ከዚህ ጽሑፍ እንዲወጣ ጠየቀን። ወረቀቱ እንዳይጠብ ነው አለ። ወረቀቱ አልጠበበም። ከሚመጣው ሳምንት ጀምሮ ዋጋ በቢሮ ውስጥ፣ በር ተዘግቶ እንደሚነገር ግን ከዘበኛው ሰምተናል። ወይዘሮ የሺሐረግም፣ «በዚህ ነገር ቤቴ ሊፈርስ ነበር፤ አንዲት ቃል አትወጣም። ጮክ ተብሎ ይነበብ» ብለዋል። አዲሱ ሥራ አስኪያጅና የቦርዱ አባላት ከአስከሬኑ አጠገብ ቆመው እንደሚሰሙ እናምናለን፤ ከኋላቸው የመሰላ ገበሬዎች፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ደግሞ አቶ በክሪ ይሰማሉ።

አቶ ሞገስ ባለቤታቸውን፣ ሴት ልጃቸውንና ወንድ ልጃቸውን ትተው ሄደዋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን፤ ለቤተሰባቸው መጽናናትን፣ ለማኅበራቸውም የሚያፍር ሰው ይስጥልን። አሜን።