ደረቁ ግድግዳ የጊታሮቹ ሆነ

ሰበታ፣ ሐምሌ 5 ቀን 1963፣ ሰኞ ጠዋት

ዛሬም ወለወልኳቸው። ሁለት ሳጥን፤ በአንዱ ሊድ ጊታሩ፣ በአንዱ ቤዙ። ዝናቡ ጋብ ሲል ክዳኑን መክፈት፣ ክሮቹን በደረቅ ጨርቅ መጥረግ፣ ዝገት ካለ ማየት፣ መልሶ ማስተኛት። ማስደገፍ የለም፤ አንገቱ ይጣመማል። እሳት አጠገብ የለም፤ እንጨቱ ይሰነጠቃል። ባሌ ግርማ ክሮቹን አላልቶ፣ ይህን ሁሉ አስጠንቶኝ ድ.ዳዋ ሄደ። የሚጫወትበት ሆቴል የራሱ መሣሪያ አለው አለ። ለዘመን መለወጫ እመጣለሁ አለ። የኔን ወገብ ማን ይወልውለው?

ደብተሬ፣ አንተ እንኳ ስማኝ። በዚህ ቤት እርጥበት የማይደርስበት አንድ ግድግዳ ብቻ ነው፣ ከጓዳው የሚያዋስነን። አልጋዬ እዚያ ነበር። አሁን ሳጥኖቹ ተንፈላስሰውበታል። እኔ በውጪው ግድግዳ በኩል፣ ከረጠበ አንሶላ ጋር።

ሐምሌ 16፣ ዓርብ

ጎረቤታችን ኦቦ ቶለሳ ሳጥኖቹን አይተው ሳቁ። እንደ ዘር በቆሎ ከምድጃው በላይ ስቀያቸው፣ ጭስ ነቀዝ አያስጠጋም አሉኝ። ግርማ ቢሰማ ያብዳል። ለአንድ አፍታ አማረኝ።

አማቴ እማማ በለጡ ግን ከልባቸው አዳመጡ። እኚህ ሴትዮ ልጃቸው ከሄደ ወዲህ አንድ ስኒ አላጠቡም፤ ሳጥኖቹን ግን በየጠዋቱ ያማትቡባቸዋል። ዓይኔን ከሳቸው ላይ አላነሳም።

ነሐሴ 6፣ ሐሙስ

ዓይኔን አነሳሁ። ገበያ ደርሼ ስመለስ ቤዙ ከአንገቱ እስከ ታች ቅቤ ጠጥቷል። የእማማ አባት በገና ደርዳሪ ነበሩ፤ ቆዳው እንዳይደርቅ ቅቤ ይቀቡት ነበር። ይኸኛውም እንዳይደርቅ ብለው ነው። ፍልሰታ ነው፤ ራሳቸው የማይቀምሱትን ቅቤ አውጥተው ለቤዝ ጊታር! ክሩ፣ መቃኛው፣ ብረቱ ሁሉ። ቆዳ የለውም፣ በኤሌክትሪክ ነው የሚሠራው ብዬ ጮህኩባቸው። «ልጄ የሚያቅፈው ነገር እንዴት ደረቅ ይደር?» አሉኝ።

እኔስ ደረቅ አይደል የማድረው።

ነሐሴ 8፣ ቅዳሜ

አይጥ የሳጥኑን ጥግ በልታዋለች። ቅቤው ጠርቷት ነው። ቀኑን ሙሉ በስንጥር ላይ ጨርቅ እየጠቀለልኩ ከየብረቱ ሥር ስጠርግ ዋልኩ። ጣቴ ቆሰለ። ይህን ያህል ለምን እንደምለፋ ላንተ ብቻ ልንገርህ። ግርማ ሰው ይረሳል፣ ጊታር አይረሳም። እነሱ እዚህ እስካሉ ይመጣል። እጠላቸዋለሁ፤ ከነሱ በቀር ግን መያዣ የለኝም።

ጳጉሜን 3፣ ረቡዕ

የሩፋኤል ዝናብ። እማማ ጠበል ነው ብለው ደጅ ቆመው ተነከሩ። ለሳጥኖቹም በጣሳ ይዘው ሊገቡ ሲሉ በሩ ላይ ተገተርኩ። ተፋጠጥን። ጣሳውን ደፉት።

መስከረም 1፣ 1964፣ እሑድ

አልመጣም። ዶሮው ተርፎ አደረ።

መስከረም 4፣ ረቡዕ፣ ከቀኑ 9 ሰ.

ሰው መጣ። የነግርማ ባንድ ከበሮ መቺ ነው፣ ከድ.ዳዋ። ግርማ ጊታሮቹን አምጣልኝ ብሎ ልኮታል። ለኔስ ምን አለ ብዬ ጠየቅኩ። ጫማውን አየ። ቤት ተከራይቷል አለ። ብቻውን ነው ወይ ብዬ አልጠየቅኩም፤ ጫማውን ማየቱን ግን አልተወም።

እማማ የቤዙ ሳጥን ላይ ሄደው ቁጭ አሉ። «ዕቃው ከወጣ ልጄም ወጣ» አሉ። ለካ እሳቸውም እንደኔ ይህንኑ ይዘው ነው የከረሙት። ክረምቱን በሙሉ ስንናከስ፣ ሁለታችንም የምንጠብቀው አንድ ሰው ነበር።

ክንዳቸውን ይዤ አስነሳኋቸው። ቀለሉኝ።

ሰውየው ሳጥኖቹን ከፍቶ አየ። ዝገት የለም። አንገታቸው ቀጥ እንዳለ ነው። በደንብ ተይዘዋል አለ። ከዚያ አፍንጫውን ወደ ቤዙ አስጠጋ፤ ምን ይሸታል አለኝ። የእናትህ ቅቤ ነው በለው አልኩት። ለእናቱም የተላከ ቃል እንደሌለ ያኔ ልብ አልኩ። እሳቸውም ልብ ብለዋል፤ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ።

12 ሰ.

ጊታሮቹ ሄዱ። አልጋዬን ወደ ደረቁ ግድግዳ መለስኩ። ስለካው ለሁለት አልጋ ይበቃል። የእማማንም ጎትቼ አመጣሁ። አልተመሰጋገንንም። ያንኮራፋሉ፣ አውቃለሁ። ግርማ ቢመጣ በውጪው ግድግዳ በኩል ይተኛል።