ባለቤት የሌለው ዓረፍተ ነገር

ታዴ፣ የኔ ዓለም፣

ከተለየኸኝ አሥር ወር ሞላ። ስልክህን አሁንም ቻርጅ አደርጋለሁ። ለምን እንደሆነ አትጠይቀኝ።

ቤቱ ደህና ነው። ቅድስት ሁለተኛ ክፍል ገባች። የፊት ጥርሷ ወልቆ አዲሱ እንዳንተው ጠመም ብሎ እየወጣ ነው። ጓሮ የተከልከው የሽፈራው ዛፍ ጣራውን አልፏል፤ የበቆሎ ዱቄት ድብልብሉን ቁርቁፋ ልሠራ ቅጠል ስቀነጥስ ወንበር ላይ መቆም ጀምሬአለሁ። ስቆም በአንድ እጄ ግንዱን አጥብቄ እይዛለሁ። ድሮ እንዲህ አልነበርኩም።

ፍርድ ቤቱ በር ላይ ያለችው የጽሕፈት ሱቄም አለች። ከልስን ሥራ ስትመለስ ጎራ ብለህ፣ ሲሚንቶ ቅንድብህ ላይ እንደደረቀ፣ ከኋላዬ ቆመህ የምጽፈውን ታነብ ነበር። «አንቺ እኮ ሥራሽ ለሰው መከራ ፊደል ማስተካከል ነው» ትለኝ ነበር። እስቅ ነበር።

ዛሬ የምጽፍልህ ስለ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው።

ከቀብርህ በኋላ ሱቁን በከፈትኩ ሰሞን አንድ ትሑት ሰው በእጅ የተጻፈ ወረቀት ይዞ ገባ። የአደጋ ሪፖርት። ዘወትር የሚያጽፍበት ቤት ማተሚያው ተበላሽቶ ነው ወደኔ የመጣው፤ ማን እንደሆንኩ አያውቅም። ወረቀቱን ሳላነብ ኮምፒውተሩ ላይ ያስቀመጥኩትን ፎርም ከፈትኩ። ለዓመታት የሠራሁበት ነው። ያለፈውን ስም አጥፍቼ አዲሱን እተካለሁ፣ ሌላው እንዳለ ይቆያል። ስሙን ልጽፍ ወረቀቱን አየሁ። ያንተ ስም ነበር።

እጄን ከቁልፎቹ ላይ አነሳሁ። በእጅ የተጻፈውም የሚለው ፎርሙ የሚለውን ነበር። ያን ፎርም የዚያን ቀን ነው በወጉ ያነበብኩት። መወጣጫው ተሠርቶ፣ ሥራው ተጀምሮ፣ ቀበቶ ሳይታሰር፣ ሟች በራሱ ጥንቃቄ ጉድለት ከፎቅ ወደቀ። ማን ሠራው? ማን አስጀመረው? ቀበቶውን ማን መስጠት ነበረበት? ትምህርት ቤት ለእያንዳንዱ ግስ ባለቤት ፈልጉ ይሉን ነበር። «ወደቀ» ለሚለው ባለቤቱ አንተ ነህ። ለሌላው ሁሉ ባለቤት የለም። ያን ያሳመርኩት ደግሞ እኔ ነኝ፤ ነጠላ ሰረዙን እንኳ ያስገባሁት እኔ ነኝ።

«ሟቹ ባለቤቴ ነው» አልኩት።

ሰውዬው ብድግ አለ። «ኧረ በጌታ! እህቴ፣ ምንም አላወቅኩም፤ እኔ አጽፈህ አምጣ ተብዬ ነው።»

ተብዬ። በእሱም ዓረፍተ ነገር ያዘዘው ሰው የለም። ወረቀቱን አንሥቶ ሌላ ቤት ሊያጽፍ ወጣ።

ከመውደቅህ በፊት በነበረው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ነግረኸኝ ነበር፤ ቀበቶ ጠይቃችሁ ይመጣል መባላችሁን። «ካሉ ይመጣላ» ብዬ ስለ ቅድስት ጫማ ማውራቴን ቀጠልኩ። ይህን ለማንም አልነገርኩም።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁን ስንቴ ፎቶ ኮፒ አድርጌ ሸጥኩት፤ አንብቤው አላውቅም ነበር። በዚያ ሳምንት ደንበኛ ባጣሁ ቁጥር አነበብኩት። እዚያ ግሱ ባለቤት አለው። አሠሪው፣ ይላል። የሥራ ቦታው ሕይወትና ጤና እንዳይጎዳ ማድረግ፣ መከላከያ መስጠት፣ አጠቃቀሙን ማሳየት የእሱ ግዴታ ነው። በሥራ ላይ ጉዳት ሲደርስ ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ኃላፊ ነው። ሠራተኛውም ግዴታ አለበት፤ የተሰጠውን መጠቀም። የተሰጠውን። እዚያች ቃል ላይ ብዙ ቆየሁ።

ከዚያ አሠሪህን ፍለጋ። ባለ ሕንፃው ወደ ተቋራጩ ጠቆመ፤ ተቋራጩ ልስኑን በቁርጥ ዋጋ ወደያዘው ሰው፤ እሱ ደግሞ ወደ አንተ። አንተ ወደ ማን ትጠቁም? አመልክቼ ከሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ አንዲት የሥራ ቦታ ተቆጣጣሪ መጣች። ጓደኞችህን የጠየቀቻቸው ቀላል ነገር ነው፤ ጠዋት ግቡ፣ ማታ ውጡ የሚላችሁ ማን ነው? አብሮህ ይለስን የነበረው የኦቾሎ መንደሩ ማርቆስ ልስኑን የያዘውን ሰው በጣቱ አሳየ። «እሱ ነው። ቀበቶ ስንለምነውም ይመጣል ያለን ራሱ ነው» አለ። እሷም አሠሪው መከላከያ አልሰጠም ብላ ጻፈች። ክሱ ገና ነው። ያ ዓረፍተ ነገር ግን ከስምህ ላይ ተነሥቷል።

ደስ ብሎኛል። ፎርሙን ግን እንደገና ከፈትኩት።

ፎርሙ ላይ ከአንተ በፊት የነበረው ስም እንዳለ ቀርቷል። የላንቴ ሰው ነው። ከእሱ በፊት የነበሩትን በገዛ እጄ አጥፍቻቸዋለሁ፤ ላስታውሳቸው ብሞክር አልመጣ አሉኝ። የእሱን ሚስት ግን አስታውሳለሁ። ቅጂውን ይዛ መጥታ፣ ማንበብ ስለማትችል እኔው አነበብኩላት። «ታዲያ እሱ ነዋ ያጠፋው?» አለችኝ። «ወረቀቱ እንዲህ ይላል» አልኳት።

እሑድ ላንቴ እሄዳለሁ። ያን ያለው ወረቀቱ ሳይሆን የጻፍኩት እኔ መሆኔን እነግራታለሁ። ከደጇ ልትመልሰኝ ትችላለች፤ ፈርቻለሁ። ካስገባችኝ አብረን ቁጭ ብለን ባሏ በዚያ ቀን ምን እንደጠየቀ፣ ማን ምን እንደመለሰለት አንድ በአንድ እንጽፋለን። የሌሎቹንም ስም ሰው እየጠየቅሁ እሰበስባለሁ። እስካለሁ ድረስ የማስታውስህ እንዲህ ነው፣ ታዴ፤ ስምህን ብቻውን አልጠራውም።

ያንተዋ አልማዝ