ወንበር የሰጠኋቸው ሽማግሌዎች

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ልጄን ማርታን የደፈረው የመሥሪያ ቤት አለቃዋ ዛሬ ተፈረደበት፤ ሦስት ዓመት ብቻ። ዳኛው የቤተሰብ አስተዳዳሪ መሆኑን፣ ሽማግሌ ልኮ ከእኛ ጋር መታረቁን የቅጣት ማቅለያ አድርገው ያዙለት።

ጥፋቱ የእኔ ነው። ክሱ ገና ሳያልቅ አንድ እሁድ እሱ የላካቸው ሽማግሌዎች ሲመጡ ሽበታቸውን አክብሬ ወንበር ሰጠኋቸው፤ ምሳም አቀረብኩ። "እናስብበታለን" ብዬ ሸኘኋቸው። ይህንኑ የእርቅ ደብዳቤ አድርገው ለፍርድ ቤት አስገቡት።

ማርታ ሳይፈቀድላት ብድግ አለች። "ክቡር ፍርድ ቤት፣ እናቴ ወንበር ሰጠቻቸው እንጂ እኔ ይቅር አላልኩም። ማንም አልጠየቀኝም።"

ዳኛው "ተቀመጪ!" አሏት። የጀመረችውን ጨርሳ ነው የተቀመጠችው። ሃያ ዓመት ያስተማርኩ ሴት ሆኜ፣ ሹም ፊት ቃል ይጠፋብኛል፤ እሷን ግን እኔ ነኝ የወለድኳት!

ዐቃቤ ሕጓ ይግባኝ እንላለን ብላለች። ምን እንደሚወጣ እንጃ።

ወደ ፒያሳ ስንመለስ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ "ይቅር በይኝ" አልኳት። ክንዴን ያዝ አድርጋ፣ "እማዬ፣ ከዛሬ ጀምሮ በር ሲንኳኳ የምከፍተው እኔ ነኝ" አለችኝ።

ይኸው ይህን ስጽፍ በሩ ተንኳኳ። ከወንበሬ አልተነሳሁም።